በሞራ የተደፈነው መርከብ

ቀትር ላይ በሥጋ ቤቶቹ በኩል ሳልፍ የከረመ ሞራ ሽታ ከመታኝ ነጠላዬን አፌ ላይ አድርጌ፣ የልጄን እጅ ጥብቅ አድርጌ ይዤ፣ መንገዱን ተሻግሬ እሄዳለሁ። ሌላው ሰው ዝንቡን እሽ ብሎ ያልፈዋል። እኔን ግን ያ ሽታ እዚሁ ደብረ ታቦር ወደነበረው የአባቴ ቤት፣ አራተኛ ክፍል ወደነበርኩበት ዓመት ይመልሰኛል።

አባቴ አልጋና በር የሚሠራ አናጺ ነበር። ጥምቀት እንዳለፈ የትምህርት ቤታችን ርእሰ መምህር እቤታችን ድረስ መጥተው፣ በድሮ ዘመን ደብረ ታቦርን መናገሻቸው ያደረጉት ንጉሥ ጣና ላይ ያሠሩትን የጦር መርከብ የሚመስል ነገር ለወላጆች በዓል እንዲሠራላቸው ለመኑት። አባቴ ደስታውን አልቻለውም። ዋንዛ እየጠረበ፣ አልጋ የሚያህል መርከብ አቁሞ፣ በግራና በቀኙ በእጅ የሚዞር መንኮራኩር ገጥሞ፣ ስንጥቁን ሁሉ በበግ ሞራ ይደፍነው ነበር።

«ለማሳያ ነው እኮ! ማን ውኃ ላይ ሊያወጣው ነው?» ትለዋለች እናቴ።

«መርከብ ከተባለ መንሳፈፍ አለበት።»

መጋቢት ገብቶ ሙቀቱ ሲበረታ ሞራው ይቀልጥና ወለሉ ላይ ይንጠባጠብ ነበር። የምንኖረውም እሱ የሚሠራውም በአንድ ክፍል ስለነበር ሽታው ጋቢው ውስጥ፣ እንጀራው ውስጥ፣ ፀጉሬ ውስጥ ገባ። በሳሙና ብታጠብም አይለቅም። ክፍል ስገባ ልጆቹ አፍንጫቸውን ይዘው «ሞራዋ መጣች! ክር አምጡና እናብራት!» እያሉ ይስቁብኝ ነበር።

ሚያዝያ ላይ አባቴ፣ በበዓሉ ቀን መርከቡ ላይ ቆሜ ታሪኩን የምናገረው እኔ እንደሆንኩ አበሠረን። እናቴ የያዘችውን ሳህን አስቀመጠች።

«ልጄን እዚያ ላይ አታወጣትም።»

«ምነው አንቺ ሴት? የአገር ኩራት እኮ ነው።»

«የንጉሡ ወታደሮች የእኔን ሰዎች በምን ተሻግረው ፈጇቸው? ጣና ውስጥ ያለችው ደሴታችን ላይ ወጥተው፣ ሰዉን ቤት ውስጥ አጉረው፣ ከውጭ ዘግተው አይደለም ያቃጠሉት? የእኛ ቅድመ አያት የተረፈችው ገበያ ውላ ነው።»

«ጦርነት ነበራ!»

«ሕፃኑ ምን ጦር ነበረው? ይኸ የምትለቀልቀው ሞራ እኮ እነሱን እነሱን ነው የሚሸተኝ!»

እናቴ የቤታችን በር ከውጭ የሚቆለፍ እንዳይሆን ዘወትር አባቴን የምትለምነው ለምን እንደሆነ ያን ቀን ገባኝ። አባቴ ግን ቃል ገብቻለሁ ብሎ እምቢ አለ።

ሰኔ ላይ እንግዶቹ በተሰበሰቡበት መርከቡ ላይ ወጣሁ። መንኮራኩሩን እያዞርኩ ያጠናሁትን ስናገር፣ «ደሴቲቱንም ድል አደረጉ» የሚለው ጋ ስደርስ እጄ በሞራው ሙልጭ አለ፤ አስታወከኝ። መምህሬ ከታች «ቀጥዪ! ቀጥዪ!» ይላሉ። አፌን ጠርጌ «ሰው ያቃጠሉበት ነው፤ አልቀጥልም» አልኩና ዘልዬ ወረድኩ።

«በእንግዳ ፊት! ወላጅ ሳታመጪ እዚህ ግቢ እንዳላይሽ!» አሉኝ መምህሬ።

ክረምቱን ሙሉ አባቴ አላናገረኝም። መስከረም ላይ ምዝገባ ሲጀመር እግሩ ላይ ወድቄ ብለምነው፣ «ያስተማረችሽ እናትሽ ትሂድ» አለ። እናቴ ነጠላዋን ለብሳ እስከ ትምህርት ቤቱ አጥር ድረስ አብራኝ ሄደች። መርከቡ በሩ ፊት ለፊት ቆሟል፤ ዝናብ መትቶት፣ ሞራው ሻግቶ፣ ዝንብ ወሮታል። ቆም ብላ አየችውና ተፋች። «በዚህ አጠገብ አልፌ አልለምናቸውም፣ ልጄ» ብላ ተመለሰች። ትምህርቴ በዚያው ቀረ።

ባለፈው ዓመት የልጄ ትምህርት ቤት ለስብሰባ ጠራኝ። መግቢያው አጠገብ ግድግዳው ላይ ያው መርከብ ባማረ ቀለም ተሥሏል፤ ልጄ ከሥሩ የተጻፈውን ጮክ ብላ አነበበችልኝ። ስለ ደሴቲቱ ሰዎች አንድም ቃል የለበትም። አጠገቡ አልፌ ገባሁ፣ ተቀመጥኩ፣ መምህሯ ያሉትን ሁሉ «እሺ» እያልኩ ሰማሁ። ወደ ቤት ስንመለስ የእናቴን ሰዎች ነገር ነገርኳት። «ታዲያ ለምን ለመምህሬ አልነገርሻቸውም?» አለችኝ። እናቴ በመርከቡ አጠገብ አላለፈችም፤ እኔ አለፍኩ። ራሴን ስጠየፍ አድራለሁ፤ ጠዋት ግን ልጄን ቀስቅሼ ወደዚያው እሸኛታለሁ።