የአጎቴ መኪና የጠጣችው ነዳጅ

ይህን ነገር ለእናቴም ለንስሐ አባቴም ተናግሬው አላውቅም። እናንተ የምታነቡኝ አታውቁኝም፤ ምናልባት መናገር የቻልኩት ለዚህ ይሆናል። የአጎቴን መኪና ሞተር ያበላሸው መካኒኩ ጋሽ አወል አይደለም። እኔ ነኝ።

ያኔ አሥራ አንደኛ ክፍል ነበርኩ። አጎቴ ጋሽ ብርሃኑ አዲስ አበባ የሚኖር ነጋዴ ነው፤ እንደ አገራችን ሰው ሁሉ ለመስቀል አገር ቤት ይገባል። በዚያ ዓመት ወልቂጤ እኛ ቤት የደረሰው እንደሷ ያለ አይቼ በማላውቅ መኪና ነበር። ዝቅ ያለች፣ ጥቁር ሰማያዊ፣ ለውድድር የተሠራች የምትመስል። ሞተሯ ሲነሳ የግቢያችን ቆርቆሮ አጥር ይንቀጠቀጣል፤ እኔም ደረቴ ውስጥ ይሰማኛል። እጄን ኮፈኗ ላይ አድርጌ ትንፋሼን ይዤ ቆምኩ። ይህን ሰው ነው የሠራው?

አጎቴ የነዳጅ ክዳኗን ከፍቶ ውስጡ የተለጠፈውን ጽሑፍ አሳየኝ።

«አንብበው እስቲ፣ ተማሪው።»

«ከዘጠና አምስት ኦክቴን በታች አይሞላም ይላል፣ ጋሼ።»

«አየህ! ይቺ እንደ ሚኒባስ ያገኘችውን አትጠጣም።»

ማደያ የሚሸጠው ቤንዚን የኦክቴን ደረጃው ስለማይበቃት፣ ከፍ የሚያደርገውን ፈሳሽ ጨምሮበት በቢጫ ጀሪካን ይዞ መጥቷል። በማግስቱ ለበዓሉ ወደ ደጋው፣ ወደ አረቅጥ፣ የሚያወጣን ይህ ነዳጅ ነው። «ጠብቅልኝ» ብሎ ለእኔ ሰጠኝ። ከዚያ ሁሉ ዘመድ መሃል ለእኔ!

ከሰዓት በኋላ አጎቴ ዘመድ ሊጠይቅ በእግሩ ወጣ። ጓደኛዬ ሙራድ በሞተር ሳይክሉ መጣ። ስለ ነዳጁ ስነግረው ሳቀብኝ።

«ሂድ ወደዚያ! ቤንዚን ቤንዚን ነው።»

«ዘጠና አምስት ነው ስልህ!»

«እሺ፣ ሞተሬን አቅምሳትና ስትበር እንያት።»

ቀዳሁለት። ታንኩ እስኪሞላ ቀዳሁለት። ሙራድ እየጮኸ በጉብሬ መንገድ ሲከንፍ እኔ በኩራት አጨበጨብኩ። ወደ ጀሪካኑ ዞር ስል ግማሽ ሆኗል። ማደያዎቹ ያን ቀን ቤንዚን አልነበራቸውም። መንገድ ዳር በፕላስቲክ ጠርሙስ ከሚሸጠው ገዝቼ ሞላሁት። ነጭ ጋዝ ነጭ ጋዝ ይሸታል። ሸቶኛል። ጽሑፉን ያነበብኩትም ራሴ ነኝ። አውቄ ሞላሁት።

ጠዋት አጎቴ ነዳጁን እየገለበጠ፣ «የነካው ሰው የለም አይደል?» አለኝ።

«የለም፣ ጋሼ።»

አገና ከተማን አልፈን የአረቅጥን ዳገት ስንይዝ፣ ቆርቆሮ ውስጥ ጠጠር እንደሚንኳኳ ያለ ድምፅ ከሞተሩ መጣ። «ምንድን ነው ይሄ?» አለ። «እኔ እንጃ» አልኩ። እውነት አላውቅም ነበር? ያኔ አፌን ብከፍት ኖሮ አጎቴ ያቆም ነበር፤ ሞተሩ ይተርፍ ነበር። ዝም አልኩ። እሱ ነዳጁን ረገጠው። ድምፁ በረታ፣ ጭስ ወጣ፣ መኪናዋ ቆመች። በኋላ ሲከፈት ፒስተኗ ተሰብሮ ተገኘ። ዘንድሮ ዩኒቨርሲቲ ገብቼ ነው ምክንያቱን የተረዳሁት፤ ደረጃው የወረደ ነዳጅ እንዲህ ባለ ሞተር ውስጥ ከጊዜው ቀድሞ እየተቀጣጠለ ከውስጥ ይመታዋል።

አጎቴ ግን ለምን ተሰበረች ብሎ አልተጨነቀም። ሲመጣ በቡታጅራ አልፎ፣ የልጅነት ጓደኛው ጋሽ አወል ጋራዥ ውስጥ አስፈትሿት ነበር። እዚያው መንገድ ዳር ቆሞ ደወለለት። «ምን ነካክተህ ነው የሰጠኸኝ? ገደልካት እኮ!» እኔ አጠገቡ ቆሜ እሰማለሁ። መርካቶ አንድ ክፍል ተጋርተው ያደጉ ሰዎች ዓመቱን ሙሉ ተኳረፉ። ዘመዶቻችንም መኪናቸውን ከጋሽ አወል ጋራዥ አራቁ።

በእኛ ዘንድ ተጣልቶ መስቀልን መቀበል ነውር ነው። በቀጣዩ ዓመት በዓሉ ሲቃረብ ሽማግሎች ሁለቱን እኛ ቤት አገናኟቸው። ጋሽ አወል ተነስቶ ቆመ።

«ብርሃኑ፣ ምን እንዳጠፋሁ ባስብ ባስብ አላገኘሁትም። ግን ከእጄ ወጥታ ነው የተሰበረችው። እንግዲህ ጥፋቱ የኔ ነው። ለአላህ ብለህ አፉ በለኝ።» ጎንበስ አለ።

አጎቴ ብድግ ብሎ አቀፈው። «አፉ ብያለሁ! ጋራዥህን ግን ዝጋው!» አለ። ቤቱ በሳቅ ሞላ። ጋሽ አወልም እንደ ምንም ፈገግ አለ። እኔም ሳቅኩ። አዎ፣ ሳቅኩ።

ከዚያ በፊት ከዚያች መኪና ሞተር በላይ የሚያስደንቅ ነገር ያለ አይመስለኝም ነበር። ያን ቀን ግን አንድ ትልቅ ሰው፣ ጓደኛውን ላለማጣት ብሎ፣ ባልሠራው ጥፋት በሰው ፊት ጎንበስ ሲል አየሁ። እስከ ዛሬ ሳስበው ሰውነቴን ውርር ያደርገኛል። እንዲህ ያለ ልብ ከየት ይመጣል? ይህን እያየሁስ ዝም ያልኩት እኔ ምን ዓይነት ሰው ነኝ?

ልጅ ነበርኩ አልልም፤ ማንበብ እችል ነበር፣ ማሽተትም፣ መናገርም እችል ነበር። እናንተንም ይቅር በሉኝ አልልም፤ የተበደላችሁት እናንተ አይደላችሁም። ቅዳሜ ቡታጅራ እሄዳለሁ። ሽማግሌ አልልክም። ሠራተኞቹ እየሰሙ ለጋሽ አወል እነግረዋለሁ፤ ከዚያ ለአጎቴና በዚያ ቀን ለሳቁት ሁሉ። አፉ ባይለኝ አልፈርድበትም።