የመርፌው ቦታ

የውጭ ጣቢያ ማዳመጥ በሚያሳስርበት በደርግ ጊዜ፣ ጎንደር ውስጥ ሬዲዮ እጠግን ነበር። የመለዋወጫ ኮታ እንዲጨመርልን ለመጠየቅ ጠጋኞች ተሰብስበን አንድ የመንግሥት ባለሥልጣን ዘንድ ስንሄድ፣ ምላሰኛ ነህ ብለው እኔን አስቀደሙኝ። ባለሥልጣኑ ፊቱን ሲያጠቁርብኝ ጊዜ፣ ታማኝነታችንን ላሳይ ብዬ፣ «ጓድ፣ እኛ እኮ ሬዲዮ ጠግነን የምንመልሰው መርፌውን አገር ውስጥ ጣቢያ ላይ አድርገን ነው» አልኩት።

«ከየት አንሥታችሁ?» አለኝ።

ኮታው ተጨመረልን፤ ግን የተበላሸ ሬዲዮ ሁሉ አስቀድሞ ቀበሌ እንዲታይ ታዘዘ። ብዙም ሳይቆይ ደንበኛዬ የነበሩት የድብ ባሕር መንደር ቄስ ሬዲዮ፣ መርፌው የውጭ ጣቢያ ላይ እንደቆመ፣ ከቀበሌ ተላከልኝ፤ እሳቸው አልመጡም። የት እንዳሉም አልጠየቅሁም። ሬዲዮውን ጠገንኩት። ከዚያ እጄ ለምዶበት መርፌውን አገር ውስጥ ጣቢያ ላይ መለሰው።