ላልደረስኩበት ወገብ የቆረጥኩት ሱሪ

በዚህ ታሪክ ውስጥ ያለነው አምስት ነን። ጋሽ ታፈሰ፣ ሙያውን ያስተማሩኝ፣ ዛሬ በሕይወት የሉም። ከድር፣ ከእሳቸው ዘንድ ጀምሮ አጠገቤ የሚሰፋ። ፌቨን፣ ልጄ። ናሆም፣ ያገባት። አምስተኛው እኔ ነኝ፣ ጠመንጃ ያዥ ሰፈር የወንድ ሙሉ ልብስ የምሰፋ።

ሥራ የጀመርኩ ቀን ጋሽ ታፈሰ መቀስ አላስነኩኝም። አንድ አሮጌ ሱሪ ሰጥተው «ወገቡን ተርትር» አሉኝ። ከስፌቱ ውስጥ ሁለት ጣት ያህል የታጠፈ ትርፍ ጨርቅ ወጣ። ለምን እንዳልተቆረጠ ጠየቅኳቸው።

«ሰው ይወፍራል» አሉ። «ያን ጊዜ ተርትረህ ታሰፋለታለህ። ወፈርክ እንዳትለው ግን። ጨርቁ ታጥቦ ገብቶ ነው በለው።»

ይህን ውሸት ዕድሜዬን ሙሉ ስናገር ኖርኩ። የሜክሲኮ አደባባይ የቢሮ ሰዎች ሱሪያቸውን ይዘው ሲመጡ «ጨርቁ ነው» እላቸዋለሁ፤ ደስ ብሏቸው ይሄዳሉ። በልቤ ግን እፈርድባቸው ነበር። ሆዱን መግዛት ያቃተው ሰው ምን ይገዛል እል ነበር። የገዛ ሱሪዬን ደግሞ ከድር ሳይገባ በማለዳ እየተረተርኩ አሰፋ ነበር።

ከዚያ ስኳር እንዳለብኝ ተነገረኝ፤ መድኃኒት ጀመርኩ፣ ክብደት ቀንስ ተባልኩ። ትምህርት ቤት ብዙ አልሄድኩም፤ የማውቀውን ያወቅሁት ራሴ አንብቤ ነው። ይህንንም አነበብኩ። ለስላሳ ተውኩ፣ ታክሲ ትቼ ከቤቴ ከልደታ በእግሬ ወደ ሥራ መምጣት ጀመርኩ። በመጀመሪያዎቹ ወራት ቀበቶዬ አዲስ ቀዳዳ ፈለገ።

ያን ጊዜ አፌ ተከፈተ። ደንበኛ ሱሪ ሲያመጣ «ሆድዎ ነው» ማለት ጀመርኩ።

«ደንበኛ ልታባርር ነው እንዴ?» አለኝ ከድር።

«እውነቱን ነው የነገርኩት።»

ፌቨን ልታገባ ሆነ። ለናሆምና ለእኔ ከአንድ ጣቃ ጨርቅ ገዛሁ። የራሴን ሱሪ የቆረጥኩት በነበረኝ ወገብ አይደለም፤ ለሠርጉ ይኖረኛል ባልኩት ነው። የስፌቱን ትርፍም ቆርጬ ጣልኩ።

ከድር ቁራጩን ከመሬት አነሳ። «ይሄ ምንድን ነው?»

«መመለሻ እንዳይኖረኝ ነው።»

«ጋሽ ታፈሰ ቢኖሩ በሜትሩ ይገርፉህ ነበር።»

ከዚያ በኋላ ክብደቴ ቆመ። ያው ምግብ፣ ያው መንገድ፣ ያው ወገብ። ሱሪው ከጭኔ ያልፋል፤ ቁልፉ ግን አይደርስም። ራት ተውኩ፤ አልወረደም። ቁርስም ተውኩ።

«አባዬ፣ መድኃኒት እየዋጥክ ባዶ ሆድ አይሆንም» አለችኝ ፌቨን።

«እኔን አታስተምሪኝ» አልኳት። አልቅሳ ወጣች።

የናሆምን ኮት የቆረጥኩት እንዲህ ባለ ጠዋት ነው። ላብ አጠመቀኝ፣ መቀሱ ከጠመኔው መስመር ወጥቶ የጀርባውን ጨርቅ በላው። ከድር አስቀምጦ ስኳር የበዛበት ሻይ አጠጣኝ። ናሆም ሊለካ ሲመጣ ኮቱን አየ፣ እኔን አየ።

«ምንም አይደል ጋሼ፣ ጨርቁ ነው» አለኝ።

ቀና ብዬ ላየው አልቻልኩም።

ከድር ያንኑ ቀን ጤና ጣቢያ ወሰደኝ። ነርሷ በቀን ምን እንደምበላ ጠየቀችኝ። «ምሳ ብቻ፣ እሱም ትንሽ» አልኳት።

ከድር ሳቀ። «እህቴ፣ ምሳ የምንበላው በአንድ ትሪ ነው። እኔ እጄን ልታጠብ ስነሳ የቀረውን እሱ ይጠርጋል። እንጀራ መጣል ኃጢአት ነው ይላል።»

ልክ ነው። ቤትም ልጆቼ ያስተረፉትን የምጨርስ እኔ ነበርኩ፤ ስለ ብክነት እየገሠጽኳቸው። ያን መብላት ብዬ ቆጥሬው አላውቅም።

ነርሷ አልሳቀችም። «አባት፣ የቀለለ ሰውነት የሚፈልገው ምግብም ያንሳል። በመጀመሪያ ያከሳዎት አበላል አሁን ባሉበት ያቆምዎታል። ቢራቡ ደግሞ ጡንቻዎን ነው የሚያጡት፤ በዚህ መድኃኒት ላይ ወድቀው ሊቀሩም ይችላሉ።»

ለቀለለው ሰውነቴ በወፍራሙ ልክ መብላቴ፣ በአሮጌ ልክ አዲስ ልብስ እንደመቁረጥ ነበር። ከዚያ ወዲህ ቁርስም ራትም እበላለሁ፣ ለብቻዬ ሳህን። እንጀራው አንሷል፣ ጎመኑና ምስሩ በዝቷል። የሚተርፈው ሳይቀርብ ይነሳል፣ ለነገ ይሆናል። ጡንቻዬ እንዳይሄድ የጨርቅ ጣቃዎቹን የማነሳ የማወርደው እኔ ነኝ። በጊዜ እተኛለሁ።

ሠርጉ ግን አልጠበቀኝም። ከድር በሱሪዬ ጀርባ ከሌላ ጨርቅ ጣልቃ፣ ማስፊያ ቁራጭ፣ አስገባበት፤ ቀለሙ አልገጠመም። በዚያ ሙቀት ቀኑን ሙሉ ኮቴን አላወለቅኩም።

ፌቨን ከጭፈራው ወጥታ መጣች። «አባዬ፣ ላብ በላብ ሆነሃል፤ አውልቀው።»

«ደህና ነኝ።»

ድምፅዋን ዝቅ አደረገች። «ከድር ነግሮኛል። አውልቀው፣ ከኋላህ እኔ እቆማለሁ።»

አላወለቅኩም።

ዛሬ ወገቤ እዚያ ሱሪ ደርሷል፤ ቀስ ብሎ ነው የደረሰው። ጣልቃውን አላስወጣሁትም። ደንበኛ ሲመጣ «ጨርቁ ነው» አልለውም፣ «ሆድዎ ነው»ም አልለውም። «እንደገና እንለካ» እለዋለሁ። ሰውነት ሲለወጥ እንደገና ይለካል፤ ትርፍ ሳይተዉ መቁረጥም ብርታት አይደለም።

የናሆምን ኮት ስላበላሸሁ፣ ያገባው ከድር ለራሱ የአረፋ ልብስ ብሎ ባስቀመጠው ጨርቅ በተሰፋ ልብስ ነው። እንግዲህ ኩራቴ ለሁላችን ያስከፈለን ይህን ነው፦ የአንድ ሙሉ ልብስ ጨርቅ፣ የከድር አረፋ በአሮጌ ልብስ፣ የልጄ የሠርግ ሰሞን ለቅሶ።