የካሚዮኑ ሚኒሞና የእኔ ኩባያ

ቡፌዬ ላይ ከብርጭቆዎቹ ኋላ አንዲት የቆርቆሮ ኩባያ አለችኝ። ነጭ ቀለሟ ጠርዝ ጠርዟን ተልጦ ጠቁሯል፣ ጆሮዋም ጠማማ ነው። ልጆቼ ቤት ባጸዱ ቁጥር ሊጥሏት ይነሣሉ፤ እኔም በተነሡ ቁጥር ከእጃቸው እቀማለሁ። በንጉሡ ዘመን ልጅ የነበረ ሁሉ ያውቃታል፣ በየቤቱ ውኃ የምንጠጣባት ኩባያ ናት። የእኔዋ ግን ከዚያም አልፋ ካሚዮን መርምራለች።

ያኔ ቤታችን ከመካኒሳ አቦ ቤተ ክርስቲያን ወረድ ብሎ ነበር። ከደጃችን እስከ ጀሞ ተራራ የሚታየው የጤፍና የባቄላ ማሳ፣ ባሕር ዛፍና ከብት ብቻ ነው። አባቴ ከተራራው ሥር የመሠረት ድንጋይ እየጫነ ከተማ ያደርሳል። ካሚዮኑ አሜሪካ ሠራሽ፣ ወታደር ሲነዳው ኖሮ በጨረታ የተሸጠ አሮጌ ነው። ሆኖም በአካባቢው ካሉት የጣልያን ካሚዮኖች ሁሉ የሚለይበት ነገር ነበረው፤ በግራ እግር የሚረገጥ ፍሪሲዮን የለውም፣ ማርሹን የሚቀይረው ራሱ ነው። አባቴ ግራ እግሩን አጣጥፎ እየነዳ ሲያልፍ ሰው ቆሞ ያየዋል። እኔም ጋቢና ውስጥ አጠገቡ ተቀምጬ የምኮራው ኩራት ለሦስት ልጅ ይበቃ ነበር። ዛሬም የቤንዚንና የሞቀ ዘይት ሽታ በአጠገቤ ሲያልፍ የአባቴ ኮት ይመስለኛል።

አንድ ዓመት ክረምቱ ሊወጣ ሲል ካሚዮኑ አመል አወጣ። ቆሞ ሲሠራ ድምፁ ከፍ ዝቅ ይላል፤ ማርሽ ሲገባለት ይንዘፈዘፍና ይጠፋል። አባቴ ወደ ጋሽ ወልዴ ወሰደው። ጋሽ ወልዴ ጎፋ አጠገብ ጋራዥ ያላቸው፣ ሙያውን ከጣልያኖች የተማሩ፣ ካቻቢቴ ከደረት ኪሳቸው የማይለይ መካኒክ ነበሩ። አንድ የማትሻር ሕግ ነበረቻቸው። ሚኒሞ ሲያስተካክሉ፣ ማለትም ነዳጅ ሳይረገጥ ሞተሩ በዝግታ የሚዞርበትን ልክ ሲያበጁ፣ ሹፌር ጋቢና ውስጥ አይቀመጥም። ሹፌር ከተቀመጠ እግሩ ነዳጅ መርገጡ አይቀርም፣ ሥራዬን ያበላሽብኛል ይሉ ነበር። ስለዚህ ማርሹ ፎሌ ላይ፣ ሞተሩ ጎማውን ከማይገፋበት ቦታ ይደረጋል፣ አባቴ ይወርዳል፣ እሳቸው ኮፈኑን ከፍተው የነዳጅና የነፋስ መቀላቀያውን፣ የካርቡራተሩን ብሎን ጠበቅ ያደርጋሉ፣ ሞተሩም ድምፁን ከፍ አድርጎ መሥራት ይጀምራል። በቃ፣ ሂድ ይባላል።

ለጣልያኖቹ ካሚዮን ይህ ሕግ በቂ ነበር። የእኛው ግን ፍሪሲዮን ስለሌለው ማርሽ ከገባ ጀምሮ ሞተሩ ጎማውን ይገፋል፤ ሚኒሞው ከልክ በላይ ከፍ ካለ ደግሞ ይዘላል። ዘለለም። አንድ ጠዋት አባቴ ማርሽ ከማስገባቱ ካሚዮኑ የጎረቤታችንን የኦቦ ገመቹን አጥር ጥሶ የጭድ ክምራቸው ላይ ወጣ። ሰው አልተነካም፣ በሬዎቹም እርሻ ላይ ነበሩ። ኦቦ ገመቹ እንኳን ሊቆጡ፣ አጥሩን ከአባቴ ጋር እኩል እንጨት እየተሸከሙ አቆሙት። አባቴን የጎዳው ይሄ ነው። ቢሰድቡት ይሻለው ነበር።

ከዚያ ወዲያ ጋሽ ወልዴ ሚኒሞውን ዝቅ ሲያደርጉት ይጠፋል፣ ከፍ ሲያደርጉት ይዘላል። አባቴ ተስፋ ቆረጠ። ካሚዮኑን ለብረት ለሚገዛ ሰው ሊሰጥ፣ እሱም በሌላ ሰው መኪና የአሰብን መስመር ሊነዳ ተስማማ። ሰኞ ይነሣል። የአሰብ ሹፌር ቤቱን የሚያየው በወር አንዴ፣ ሲብስም በሁለት ወር እንደሆነ ሰፈሩ ሁሉ ያውቃል። እናቴ ብርድ ልብሱንና ጋቢውን ጠቅልላ በገመድ አሰረች። ያ ጥቅል በሩ ሥር ተቀመጠ። አባት የሌለው ቤት ምን እንደሚመስል ጎረቤት አይቼ አውቅ ነበር፣ አልፈለግሁትም።

ቅዳሜ ጠዋት ካሚዮኑ ቢያንስ በራሱ ጉልበት ወደ ገዢው እንዲሄድ ጋሽ ወልዴ ለመጨረሻ ጊዜ መጡ። አባቴ እንደ ሕጉ ወረደ። እኔ ሹፌር ስላልሆንኩ ሕጉ አይመለከተኝም ብዬ ጋቢና ቀረሁ። ይዤው የገባሁትን ውኃ ከነኩባያው ከመሪው አጠገብ አስቀመጥኩት። ፎሌ ላይ እያለ ውኃው ትንሽ ትንሽ ይንቀጠቀጣል። ጋሽ ወልዴ ጨርሰው አባቴ ተመልሶ ማርሽ ሲያስገባ ግን ውኃው ተናውጦ ቀሚሴ ላይ ፈሰሰ፣ ሞተሩም ጠፋ። እንደገና ፎሌ ተደረገ፣ እንደገና ረጋ አለ። እንደገና ማርሽ ገባ፣ እንደገና ጠፋ። በሦስተኛው አላስቻለኝም፤ በመስኮት አንገቴን አወጣሁ።

«ጋሽ ወልዴ፣ እርስዎ የሚያስተካክሉት ፎሌ ላይ ሲሆን ነው። የሚጠፋው እኮ ማርሽ ሲገባ ነው።»

አባቴ በትልቅ ሰው ሥራ ስገባ አይወድምና ዓይኑን አፈጠጠብኝ። ጋሽ ወልዴ ግን መጥተው ኩባያዋን አዩ፣ እኔን አዩ፣ ቀሚሴን አዩ። ከዚያ የጎማዎቹ ፊትና ኋላ ትልልቅ ድንጋይ እንዲገባ አዘዙ። ሲጨርሱ አባቴን፣ «ግባና ፍሬኑን ይዘህ ማርሽ አስገባ» አሉት። የጋሽ ወልዴ ሕግ እኛ ግቢ ውስጥ ተሻረች።

ካሚዮኑ ማርሽ ገብቶለት እየተንዘፈዘፈ፣ ሊጠፋ ሲል ጋሽ ወልዴ በእጃቸው ነዳጅ እየሰጡ ያቆዩታል። እኔ ወርጄ በጎን በኩል ቆሜያለሁ። ያን ጊዜ ሰማሁት። ሣር በሁለት አውራ ጣታችን መካከል ወጥረን ስንነፋ የምታወጣት ቀጭን ፉጨት ታውቋት የለም? እሷው ናት፣ ከሞተሩ ውስጥ ትመጣለች። ለጋሽ ወልዴ ነገርኳቸው። እሳቸው ጆሯቸውን ሞተር ካደነቆረው ቆይቷል፣ ምንም አይሰሙም። ቢሆንም ልጅ ናት ብለው አልናቁኝም፤ እኔ በጣቴ ወዳሳየኋቸው፣ ከካርቡራተሩ ሥር ወደምትወጣው የጎማ ቱቦ እጃቸውን ሰደዱ። አውራ ጣታቸው ከቱቦዋ ሆድ አንዱ ቦታ ላይ ሲያርፍ ፉጨቱ ቀጥ አለ፣ መንዘፍዘፉም ቀረ። ጣታቸውን ሲያነሡ ተመልሶ መጣ።

ቱቦዋ ከታች በኩል ተሰንጥቃ፣ ሞተሩ ያላግባብ ነፋስ ይስብ ኖሯል። ጋሽ ወልዴ ከአሮጌ የጎማ ከመነዳሪ ቀጭን ላስቲክ ቆርጠው ስንጥቁን አጥብቀው ጠቀለሉት። ከዚያ ማርሹ እንደገባ፣ አባቴ ፍሬን እንደያዘ፣ ኩባያዋን እንደገና አስሞልተው ከተከፈተው ኮፈን ሥር ባለው የብረት ጠርዝ ላይ አስቀምጠው ብሎኑን በጥቂት በጥቂቱ አላሉት። ሁላችንም የምናየው ውኃውን ነው። በመጨረሻ ውኃው ረጋ፣ ሞተሩም አልጠፋም።

ኦቦ ገመቹ ነገሩን ሲያዩ ቆይተው አዲሱ አጥራቸው አጠገብ መጥተው ቆመዋል። ድንጋዮቹ ተነሡ። አባቴ ፍሬኑን ቀስ ብሎ ለቀቀው፤ ካሚዮኑ እንደታረሰበት በሬ ረጋ ብሎ ጥቂት እርምጃ ሄደና ሲይዘው ቆመ። ኦቦ ገመቹ በዱላቸው የፊቱን ብረት ነካ አደረጉት።

«አሁን ሰው ሆነ» አሉ።

ቤት ስገባ እናቴ በሩ ሥር ተንበርክካ የጥቅሉን ገመድ በጥርሷ እየፈታች አገኘኋት። ቋጠሮውን ስታስር አጥብቃው ነበር።

ዛሬ የኦቦ ገመቹ ማሳ ፎቅ ነው። ጀሞም ኮንዶሚኒየም ሆኗል፤ ከሀይሌ ጋርመንት እዚያ ለመድረስ ታክሲ ተሰልፌ የማጠፋውን ጊዜ አባቴ ሁለት ጭነት ያመላልስበት ነበር። መካኒኮቹ ኮምፒውተር ይሰካሉ፣ የሞተሩን ሕመም አንብበው ይነግሩሃል። አልነቅፍም። ጋሽ ወልዴም ይህን ቢያገኙ ይወዱት ነበር፣ ሹፌሩን ግን አስወርደው ይሰኩት ነበር። ባለፈው የልጄ መኪና ቆማ ስትንቀጠቀጥ ኩባያዬን ሞልቼ ኮፈኑ ላይ አስቀመጥኩ። ልጄ ሳቀብኝ፣ ይሳቅ። እኔ መካኒኩ አበጅቷት ውኃው እስኪረጋ ጠበቅሁ። ይህ ሁሉ ዓመት አልፎ፣ አባቴንም ካሚዮኑንም አፈር በልቷቸው፣ ያ ውኃ ሲረጋ ባየሁ ቁጥር አባቴ ሰኞ ማታ እቤቱ የሚያድር ይመስለኛል።