ልጄን በቁሙ ያለቀስሁበት ፊልም

ሥራ የጀመርሁ ዕለት ለግድግዳ ዘፈንሁ። ደብረ ታቦር አንድ ሆቴል ውስጥ ነበር፤ ደርግ ከወደቀ ጥቂት ዓመት ቢሆነው ነው። ትምህርቴን ከአራተኛ ክፍል አቋርጬ ነበር። የባንዱ አለቃ፣ ኪቦርድ ተጫዋቹ ጋሽ ታደገ፣ ሠርግ ላይ ድምፄን ሰምቶ አስቀጠረኝ። ሰዉን ማየት ፈርቼ ጀርባዬን ሰጥቼ ጀመርሁ።

«አንች ልጅ፣ ግድግዳው ይሸልምሽ ይሆን?» አለኝ በማይክሮፎን። ቤቱ ሳቀ። ዞርሁ።

ማይክሮፎን ከአፍ ማራቅን፣ ድምፅ ሲሻክር ዘፈኑን ዝቅ አድርጎ መጀመርን ከእሱ ተማርሁ። በጥር ለሠርግ እስከ ይፋግ እንዞር ነበር። ሁለት ካሴትም አወጣን። ልጄን ሙሉቀንን የወለድሁት በዚያ ዘመን ነው። ይፋግ እናቴ ዘንድ ትቼው ስዘፍን፣ እኔን ሲያስለኝ እንኳ እሱ የታመመ ይመስለኝ ነበር።

ባንዱ ተበትኖ፣ ሙሉቀንም አድጎ እኔ ዘንድ ደብረ ታቦር ከመጣ በኋላ ከአዲስ አበባ የመጣ አንድ ወጣት የፊልም አዘጋጅ ሠርግ ላይ ሰማኝ። ልጇ የሞተባት እናት ሆኜ እንድሠራ ጠየቀኝ።

«እኔ ዘፋኝ ነኝ» አልሁት።

«ፊትዎ ግን ተዋናይ ነው።»

ፊቴ ምን እንዳደረገ አልገባኝም። መጀመሪያ የጠየቅሁት የሟቹን ስም ነው። ደሳለኝ ነው አለኝ። የልጄ ስም አለመሆኑን አይቼ እሺ አልሁ።

ሥራው ግራ አጋባኝ። ዘፈን ከመጀመሪያው ተጀምሮ ያልቃል። እዚህ ግን ደሳለኝን ሰኞ ቀብሬ ረቡዕ ቁርስ አበላሁት። ማይክሮፎኑን ቀሚሴ ውስጥ ደበቁት፤ እጄ የሚይዘው አጣ። ጋሽ ታደገ ወደ ሰው ዙሪ ይለኝ ነበር፤ እነዚህ ካሜራውን አይዩ ይሉኛል። ለማን እንደምሠራ ጠፋኝ።

የልቅሶው ቀን እኛው ሰፈር፣ አንድ ግቢ ውስጥ ቀረጽን። ስምንት ጊዜ ደጋግመን አልሆነም።

«የራስዎን ልጅ ያስቡ» አለኝ አዘጋጁ።

«የሟርት አፍህን ዝጋ!» አልሁት። ይቅርታ ጠየቀኝ።

ዘጠነኛው ላይ እንደ አገራችን ሙሾ ያዝሁ። ሙሾ ያለ ስም አይወርድም። ደሳለኝ ብዬ ልጠራ ስል ሙሉቀን ብዬ ኖሯል። እኔ አልሰማሁትም። ጎረቤታችን እትየ ጥሩወርቅ ግን ከአጥሩ ወዲያ ሰሙ።

ብዙም አልቆየ፣ የዕድሩ ጥሩንባ ተነፋ። ነጠላቸውን ያዘቀዘቁ ሴቶች እየጮኹ ግቢውን ሞሉት። አዘጋጁ ካሜራውን አላስቆመም። እኔም እሱ የቀጠራቸው መስለውኝ ቀጠልሁ። እትየ ጥሩወርቅ አንገቴን አቅፈው፣ «ወይኔ ሙሉቀን! በምን ሞተ?» አሉኝ።

ያን ጊዜ እነሱ ከእኔ የሰሙትን እኔ ከእነሱ ሰምቼ፣ ልጄ በእውነት የሞተ መሰለኝ። መሬት ላይ ወደቅሁ።

ሙሉቀን ከሚሠራበት የእንጨት ሥራ ቤት ጸጉሩ ላይ ሰጋቱራ እንዳለ ሮጦ ደረሰ።

«ማን ነው የሞተው?»

«አንተ ነሃ!» አሉት አንድ ሽማግሌ ተቆጥተው።

«ታዲያ ሳትጠብቁኝ ጀመራችሁ?»

ሳቁም፣ እልልታውም፣ ስድቡም ተደባለቀ። እኔ ጆሮውን፣ ጣቶቹን፣ አንገቱን እዳብሳለሁ።

እናቴን ግን በስልክ አርድተዋት ከይፋግ ተነሥታ ነበር። ከሚኒባስ ስትወርድ ፊቷን ነጭታለች። ሙሉቀንን አቅፋ ብዙ ቆየች። ከዚያ ወደ እኔ ዞራ፣ «ይኸ ነው ሥራሽ?» አለችኝ።

አዘጋጁ በበነጋው መጣ። «ከሠሩት ሁሉ ይኸ ይበልጣል፤ እባክዎ ፊልሙ ውስጥ ይግባ» አለኝ።

«የልጄ ስም ከውስጡ ሳይወጣ ሁለተኛ እግሬን አታየውም።»

ስሙን ብቻ ነጥሎ ማውጣት አልቻለም፤ የልቅሶውን ድምፅ በሙሉ አጠፋው። ፊልሙ ሲታይ አፌ ይነቃነቃል፣ ምንም አይሰማም። ሰው ያወደሰኝ በዚያ ነው። ስንት ዓመት ዘፍኜ፣ ድምፄ በጠፋበት መወደሴ እስከ ዛሬ አይገባኝም።

ከዚያ ወዲህ በአምስት ፊልም እናት ሆኛለሁ። ልቅሶ የሚቀረጽበት ቀን ሲደርስ ለዕድሩ ዳኛ አስታውቃለሁ፣ ለእናቴ እደውላለሁ። ወደዚህ ሥራ የምትገቡ፣ ልቅሶ ከመጀመራችሁ በፊት ለጎረቤት ተናገሩ።