በአንድ እጅ ያለቀስሁት

ከባለቤቴ ጋር መጨረሻ አብረን የሠራነው ሥራ ጋቢ መጭመቅ ነው። ካቻምና ጥቅምት፣ ዝናቡ አባርቶ ፀሐይ በወጣበት ቅዳሜ ጠዋት፣ እዚሁ ደብረ ታቦር ከቤታችን ደጅ ላይ። እሱ ውኃ ቀዳልኝ፣ እኔ አጠብሁ፣ ከዚያ አንዱን ጫፍ እሱ ሌላውን እኔ ይዘን መጠምዘዝ ጀመርን። እርጥብ ጋቢ ለአንድ ሰው አይሆንም። ሠላሳ አንድ ዓመት እንዲሁ ለሁለት ሆነን ነው የጨመቅነው።

ባለቤቴ ደሳለኝ መምህር ነበር፤ ጡረታ ከወጣ ሁለት ዓመቱ ነበር። ያን ቀን ጋቢው እንደ ገመድ ከርሮ ውኃው ሲንጠፈጠፍ፣ ድንገት ለቀቀው። እኔ ወደ ኋላ ሄድሁ። ስወድቅ ግራ እጄን ዘርግቼ ኖሮ ሙሉ ክብደቴ በዚያው እጄ ላይ አረፈ። የታጠበው ጋቢ ጭቃ ላይ ተዘረጋ። ንዴቴን አልቻልሁትም።

«አንተ ሽማግሌ፣ እጅህ ሞቷል እንዴ?» አልሁት።

ሆዱን ይዞ ሳቀ። እንባው እስኪወርድ ሳቀ። «ነይ ተነሺ ብርቄ፣ እንደገና እናጥበዋለን» ብሎ እጁን ሰጥቶ አነሣኝ። እንደገና አጠብነው።

ማክሰኞ ጎሕ ሲቀድ ቀኝ ጎኑ አልታዘዝ አለው። ሐኪሞቹ ግፊት ነው፣ ጭንቅላቱ ውስጥ ደም ፈሷል አሉኝ። ሐሙስ ዐረፈ። ያ ጋቢ እላዩ ላይ ነበር።

እኔም ከዚያች ቃል ጋር ቀረሁ። እጁ ቅዳሜ ዕለት መዛል ጀምሮ ኖሮ ከሆነ፣ ሐኪም ቤት ልወስደው ሲገባኝ ሰድቤዋለሁ ማለት ነው። ይህን ለማንም አልተናገርሁም።

በእኛ አገር ባሏ የሞተባት ሴት ደረቷን በሁለት እጇ ትመታለች። እኔ ግራ እጄ ከወገቤ በላይ ሲወጣ ትከሻዬ እንደ ቢላ ይወጋኝ ስለነበር በቀኜ ብቻ መታሁ። የደሳለኝ ታላቅ እኅት እትዬ አልማዝ ከገሳይ መጥተው ነበር። ፊታቸውን ነጭተው፣ ድምፃቸው ሻክሮ ነበር። ከለቅሶው መሐል ድንገት ወደ እኔ ዞሩና፦

«ወንድሜ ግማሽ ሰው ነበር እንዴ? በአንድ እጅ የሚለቀስለት!» አሉ።

ሰው ሁሉ ሰማ። እኔ አንገቴን ደፋሁ። የእጄን ነገር ብነግራቸው እንዴት ወደቅሽ ይሉኛል። እንዴት እንደወደቅሁ ብነግራቸው ያችን ቃል ልናገር ነው። 

ወራት አለፉ። እጄ ባሰበት። ጥቁር ሻሼን ማሰር አቃተኝ፤ አንዱን ጫፍ በጥርሴ ይዤ ነበር የማስረው። በግራ ጎኔ መተኛት ቀረ። ጎረቤቶቼ «ወጌሻ በቅቤ ይሽሽ» አሉኝ። ኀዘንተኛ ገላ ቅቤ አይነካውም ብዬ እምቢ አልሁ። ለራሴም ምክንያቱ ይኸው መስሎኝ ነበር። እውነቱ ግን ሌላ ነው። ሕመሙ ደሳለኝ ሲለቀኝ የመጣ ነው። ሕመሙም ከተወኝ ከእሱ ምን ይቀረኛል እል ነበር።

ፋሲካ ሊደርስ ሁለት ሳምንት ሲቀረው እትዬ አልማዝ መጡ። ከለቅሶው ወዲህ ብዙም አንነጋገርም ነበር። ጋቢው እንዳለ ግድግዳው ላይ ተሰቅሎ አዩት።

«ይህ ታጥቦ ለንስሐ አባቱ መሰጠት አለበት» አሉና አወረዱት። ራሳቸው አጠቡት። ከዚያ አንዱን ጫፍ አቀበሉኝ። በቀኜ ያዝሁ።

«በሁለት እጅሽ እንጂ! ዛሬም በአንድ እጅ?»

ግራዬን እንደምንም ጨመርሁ። እሳቸው አንድ ጊዜ ጠመዘዙ፣ እኔ ጮኽሁ። ጋቢውን ጥለው መጡና ክንዴን ይዘው ወደ ላይ ሊያነሡት ሞከሩ። አልሄደም።

«ከመቼ ጀምሮ ነው?» አሉ ቀስ ብለው።

«ከመሞቱ በፊት ነው፣ እትዬ።»

ማጠቢያው ድንጋይ ላይ ቁጭ አሉ። «ምላሴን ይቁረጠው» አሉ።  በማግሥቱ እጄን ይዘው ሆስፒታል ወሰዱኝ።

ራጅ ተነሣሁ። ሐኪሙ አጥንቴ አልተሰበረም፣ መጋጠሚያው ነው ሳይንቀሳቀስ ቆይቶ የደረቀው ብሎ ወደ አንዲት ትንሽ ክፍል ላከኝ። እዚያ ሐና የምትባል ወጣት ተቀበለችን። አልጋ፣ ወንበርና ግድግዳው ላይ የተሳለ የሰው አጽም እንጂ መርፌም መድኃኒትም አይታይም።

«ልጄ፣ ወጌሻ ነሽ?» አሉ እትዬ አልማዝ።

«የፊዚዮቴራፒ ባለሙያ ነኝ፣ እናቴ። እኔም እንደ ወጌሻ በእጄ ነው የምሠራው። በውጭ አገር ደግሞ ኦስቲዮፓቲ የሚሉት አለ፤ እሱም አጥንትን፣ ጡንቻንና መጋጠሚያን በእጅ እየዳሰሱ ማከም ነው። ትምህርታችን ይለያያል እንጂ ዘመዳሞች ነን። ሁላችንም ሳንጠይቅና ሳናይ መንካት የለብንም። ራጅ ሳይነሡ ለማንም እጅዎን አያስጎትቱ።»

እትዬ አልማዝ ከጉያቸው ጠርሙስ አወጡ። «እንግዲያው ይኸው፣ ለጋ ቅቤ ነው።»

እኔ ደነገጥሁ። ሐና ሳቀች። «ያለ ቅቤ ነው የምሠራው። ይዘውት ይመለሱ፣ ለፋሲካ ዶሮ ይሁንዎ።»

ከዚያ ወደ እኔ ዞረች። «ከመንካቴ በፊት አንድ ነገር ይንገሩኝ። ሕመሙ እንዴት ጀመረ?»

«ወደቅሁ።»

«እንዴት ሆነው ወደቁ?»

በስድስት ወር ውስጥ ይህን የጠየቀኝ ሰው አልነበረም። እስክሪብቶዋን አስቀምጣ ጠበቀችኝ። እትዬ አልማዝ ከጎኔ ነበሩ። እንደሚሰሙኝ እያወቅሁ ሁሉንም ነገርኋት፤ ጋቢውን፣ መልቀቁን፣ ጭቃውን፣ «እጅህ ሞቷል እንዴ» ማለቴን፣ ማክሰኞ ቀኝ ጎኑ አልታዘዝ ማለቱን።

 እትዬ አልማዝ በነጠላቸው ፊታቸውን ሸፈኑ። ትከሻቸው ሲንቀጠቀጥ አየሁ። የሚያለቅሱ መስሎኝ ነበር። ነጠላውን ሲገልጡት ግን ይስቃሉ።

«ጠምዝዞ ጠምዝዞ፣ ሊያልቅ ሲል ለቀቀሽ?»

«አዎ።»

«ሳቀ?»

«እንባው እስኪወርድ።»

«ያ ሌባ! አውቆ ነዋ የለቀቀሽ! ወንዝ ወርደን የአባታችንን ጋቢ ስንጨምቅ ሁልጊዜ መጨረሻ ላይ ይለቅብኝ ነበር። ስንት ጊዜ ጭቃ ለጭቃ ተንከባለልሁ! እናታችን በለበቅ ትገርፈዋለች፣ በሚቀጥለውም ሳምንት ይለቃል።»

«እኔ ላይ ግን በሠላሳ አንድ ዓመት አንድ ቀን ለቆብኝ አያውቅም» አልሁ።

«ያን ጊዜማ መምህር ነበር፣ ይከበር ነበር። ጡረታ ሲወጣ ልጅነቱ ተመለሰ።» ይህን ብለው ሳቃቸው ወደ ልቅሶ ዞረ። ተያይዘን አለቀስን። ከተቀበረ ወዲህ አብረን ስናለቅስ የመጀመሪያችን ነው።

ሐና አላቋረጠችንም። ሲወጣልን እኔን አንድ ጥያቄ ብቻ ጠየቀችኝ።

«ከወደቁበት ባለቤትዎ ያነሡዎት በየትኛው እጃቸው ነው?»

አሰብሁ። መዳፉ ትዝ አለኝ፣ እርጥብና ብርቱ። «በቀኙ» አልሁ።

«አውቀው ይልቀቁ ወይስ እጃቸው ዝሎ፣ እኔ ላውቅ አልችልም» አለች። «ግን ቆሞ የሚስቅን፣ በቀኝ እጁ ሰው ከመሬት የሚያነሣን ሰው፣ እኔም ብሆን ታሟል ብዬ ሐኪም ቤት አልወስደውም።»

ከዚያ ሥራዋን ጀመረች። መጀመሪያ አቁማ ከኋላዬ አየችኝ፤ አንዱ ትከሻዬ ከሌላው ከፍ ማለቱን ለእትዬ አልማዝም አሳየቻቸው። ቀጥሎ አስተኝታ አንገቴን፣ ከትከሻዬ ኋላ ያለውን ሰሌዳ አጥንቴንና ክንዴን በጣቷ ቀስ እያለች ዳሰሰች። ከበረታብኝ እንድነግራት፣ ወዲያው እንደምታቆም ነገረችኝ። እኔ እንደ ወጌሻ አንዴ ጎትታ ቀጭ የምታደርገው መስሎኝ ጥርሴን ነክሼ ነበር። እሷ ግን ክንዴን እንደ ሕፃን ታቅፋ ጥቂት ወሰድ፣ ጥቂት መለስ ነው የምታደርገው። ደሳለኝ ከሞተ ወዲህ ሰው እንዲህ ቀስ ብሎ ነክቶኝ አያውቅም ነበር። እንባዬ በጆሮ ግንዴ ወረደ። «አመመዎት?» አለች። አላመመኝም አልኋት።

ስንወጣ በአንድ ቀን እንደማይድን፣ ለወራት መመላለስ እንዳለብኝ፣ አንድ ሁለት ቀን ሰውነቴ ቢዝል እንዳልደነግጥ ነገረችኝ። የቤት ሥራም ሰጠችኝ። ጎንበስ ብዬ እጄን ቄስ እንደሚያጥንበት ጽና ማወዛወዝ፤ ግድግዳ ላይ በጣቶቼ መውጣት። እትዬ አልማዝ ቤት ገብተው ግድግዳው ላይ በከሰል ምልክት አደረጉ። «ለፋሲካ እዚህ፣ ለደብረ ታቦር በዓል እዚህ» አሉ። ለፋሲካ ያሉት ለሰኔ ደረሰ። እውነቱን ልናገር፣ መሐል ላይ ሁለት ሳምንት ቀርቼ ነበር። ሕመሙ ሊለቀኝ ሲል ፈርቼ ነው። ሐና ስመለስ አልተቆጣችኝም፤ ክንዴን አቅፋ ካቆመችበት ቀጠለች።

አምና ጥቅምት ሙት ዓመቱ ደረሰ። ሙሾው ሲወርድ በሁለቱም እጄ ደረቴን መታሁ። እትዬ አልማዝ አጠገቤ ነበሩ። ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብለው «ቀስ በይ፣ ሐና ትቆጣሻለች» አሉኝ። በደሳለኝ ሙት ዓመት ላይ ነጠላዬን አፌ ላይ አድርጌ ሳቅሁ። ሰው ያለቀስሁ መስሎት አባበለኝ።

ለንስሐ አባቱ ሌላ ጋቢ ገዝተን ሰጠን። ያኛው ከእኔ ጋር ቀረ። ደሳለኝ አውቆ ለቆኝ ይሁን፣ ወይስ እትዬ አልማዝ እኔን ሊያጽናኑ ብለው ያወሩት ይሁን፣ እስከ ዛሬ አላውቅም። አልጠየቅኋቸውም። ትከሻዬ አሁንም ብርድ ሲሆን ይጠዘጥዘኛል፤ ከዚያ በላይ አይደለም።

ፀሐይ በወጣ ቅዳሜ ጋቢውን አጥበዋለሁ። አንዱን ጫፍ ከአጥሩ ቋሚ ጋር አስሬ፣ ሌላውን በሁለት እጄ ይዤ እጠመዝዘዋለሁ። ቋሚው አይለቅብኝም። ጨምቄ ስጨርስ ገመዱ ላይ አሰጣዋለሁ።