የጋሽ ፍሬን ጫማ

የጋራዣችን ባለ ጎማ ክሬን መቆለፊያው ከተሰበረ ዘጠኝ ዓመቱ ነው። ዘይት በጠጣው ወለል ላይ ድንጋይ ስለሚንሸራተት፣ ሞተር በሰንሰለት ሲንጠለጠል አንጋፋው መካኒክ ግራ እግሩን ለጎማው ታኮ ያደርጋል። ስሙም «ጋሽ ፍሬን» ሆኖ ቀረ።

መቆለፊያ ይገዛ ብሎ አለቃችንን ያልለመነበት ቀን የለም።

«አንተ እያለህልን ምን ሊያደርግ!» ይለዋል አለቃችን። እኛም፣ ድፍት ያርገንና፣ እንስቃለን።

ባለፈው ወር ክሬኑ ከነሸክሙ እግሩ ላይ ወጣ። ዛሬ በምርኩዝ መጣ።

«አሁንስ ተገዛ?» አለኝ።

ጎንበስ ብሎ ሲያይ፣ ጎማው ሥር የተወተፈው ያን ቀን ከእግሩ ያወለቅንለት ጫማ ነው። ሊያነሣው እጁን ዘረጋ። ቀና ሲል ሞተር ተንጠልጥሏል፤ ከሥሩ ሰው አለ።

እጁን መለሰ።